ድምፄን በነፃ ለወሰደልኝ ለክፍት መዳፍ ፈንድ

ይድረስ ለክብርት የክፍት መዳፍ የጥበብ ፈንድ ዋና ዳይሬክተር
ሲዋርድ፣ ሚኒያፖሊስ

ከወልዳይ ፍስሓጽዮን
ሆፕኪንስ፣ መጋቢት 2008 እ.ኤ.አ.

ክብርት ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ፣ በዚህ አልቆ በማያልቅ በረዶ ውስጥ እርስዎና የቦርድ አባላትዎ እንደምን ከርማችኋል? ጉንፋን ደጃፋችሁን እንዳይረግጥ፣ መኪናችሁም ጠዋት ጠዋት በአንድ ቁልፍ እንዲነሣላችሁ ከልብ እመኛለሁ። እኔ፣ ምስጋና ለፈንድዎ ይሁንና፣ ደህና ነኝ። ድምፄ ደግሞ ከእኔ የበለጠ ደህና ነው፤ እኔ ጉልበቴን አሞኝ ከአልጋ በማልወርድበት ቀን እንኳ እሱ ሰው ቤት ሁሉ ሲደውል ይውላል።

ይህ ደብዳቤ በማኅበራችን ጋዜጣ የሚወጣ ስለሆነ፣ ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ እንዳስረዳ ይፍቀዱልኝ። ፈንድዎ ሥዕሉን፣ ዜማውን ወይም ንባቡን ለሕዝብ በነፃ ለሚለቅ ሰው አነስተኛ ድጋፍ ይሰጣል። ከሁለት ዓመት በፊት እኔም፣ ከአውቶቡስ ሹፌርነት ጡረታ ወጥቼ ቤት የዋልኩ ሰው፣ በአማርኛ የተማርኩ ኤርትራዊ ስለሆንኩ፣ ለሚኒሶታ ልጆች የሚሆን የአማርኛ ንባብ ላበረክት ተመረጥኩ። ልጄ ሓድነት በአማርኛም በትግርኛም ስናገራት በእንግሊዝኛ ነው የምትመልስልኝ፤ ቢያንስ የሌላው ልጅ ይማርበት ብዬ ነበር። ባለሙያዎ በመከሩኝ መሠረት፣ ድምፅ እንዳያስተጋባ በወፋፍራም ኮቶች መካከል ቁም ሣጥን ውስጥ ቆሜ፣ ፊደሉን ከነምሳሌ ቃላቱ፣ ቁጥሩን፣ የቀናቱን ስም፣ ሰላምታውንና ጥቂት ተረቶችን አነበብኩ። ክፍት ፈቃድ የሚባለውንም ፈረምኩ። ማንም ይህን ድምፅ ወስዶ ሊቀዳው፣ ሊቆርጠው፣ ሊቀጥለው፣ ሊሸጠውም ይችላል፤ ግዴታው አንድ ብቻ ነው፤ በመጨረሻው ላይ የባለቤቱ ስም ይጠራል። ስሙንም ራሴው፣ ደረቴን ነፍቼ፣ “ይህን ድምፅ ለሁሉም በነፃ ያበረከትኩት እኔ ወልዳይ ፍስሓጽዮን ነኝ” ብዬ ቀዳሁት።

ከዚያ ወዲህ የተደረገልኝን ውለታ እንዳልረሳ በቁጥር አስቀምጬዋለሁ።

፩ኛ/ ለጡረተኛ ድምፄ ሥራ ስላገኛችሁለት አመሰግናለሁ። የምኖርበትን ሕንፃ የሚያስተዳድረው ድርጅት ድምፄን ከድረ ገጻችሁ አውርዶ፣ ቆራርጦና ገጣጥሞ፣ ለተከራዮቹ በስልክ የሚደውል መሣሪያ ውስጥ ከተተው። እኔ ይህን የሰማሁት በረዶ በጣለበት አንድ ጠዋት ስልኬ ጮሆ ሳነሣው ነው። “ጤና ይስጥልኝ ልጆች፣ እንደምን አደራችሁ?” ሲለኝ፣ እንደ አንድ ጨዋ ሰው “እግዚአብሔር ይመስገን፣ እናንተስ?” ብዬ መለስኩ። የተነጋገርኩት ከራሴ ጋር መሆኑ የገባኝ፣ ስሜን ነግሬ ራሴው ከዘጋሁብኝ በኋላ ነው። መልእክቱም በረዶ ስለሚጠረግ “ቀይ መኪና” ከመንገድ ይነሣ የሚል ነበር። በትምህርቱ ውስጥ ያነበብኩት “ቀይ መኪና” ስለነበረ ሌላ ቀለም አላገኙም። ነጭ መኪና ያላቸው ጎረቤቶቼ እኛን አይመለከትም ብለው ተኙ፤ መኪናቸው ተጎትቶ ሲሄድ የማንን ስም እየጠሩ እንደረገሙ ለእርስዎ መንገር አያስፈልገኝም።

፪ኛ/ ስለ ጓደኛዬ ስለ ዲንሳ አመሰግናለሁ። ዲንሳ ከእኔ በታች ባለው ፎቅ ከሚስቱ ከኢብሲቱ ጋር ይኖር ነበር። እሱ ኦሮምኛ እየተናገረ አደገ፣ እኔ ትግርኛ፤ አማርኛ የሁለታችንም የእናት ቋንቋ አይደለም፤ ነገር ግን ተገናኝተን የምንጫወትባት፣ የምንሰዳደብባት፣ የምንታረቅባት ቤታችን እሷ ነበረች። ከተረቶቹ አንዱ ጅብ ጃርትን ከገዛ ጉድጓዷ ሲያባርራት የሚተርክ ነው፤ ለልጆች እንዲያስፈራ ብዬ ድምፄን አወፍሬ “ውጣ! ከቤቴ ውጣ!” የሚለውን ጩኸት አስቀድሜ የሞከርኩት በዲንሳ ላይ ነው። ጃርቷን እንኳ ለእሱ ስል ወንድ አድርጌያት ነበር። ዕንባው እስኪመጣ ሳቀ፤ ተረቱንም እንደዚያው ቀዳሁት።

የሕንፃው አስተዳደር የሁለተኛውን ፎቅ ሊያድስ ሲነሣ፣ እስከ አርብ ቢሮ መጥቶ የተመዘገበ ተከራይ ሌላ ክፍል እንዲሰጠው፣ ያልመጣው ደግሞ በወሩ መጨረሻ እንዲለቅ ወሰነ። ይህን ለመናገር በቅጂዎቼ ውስጥ ቢፈልጉ፣ ስለ መልቀቅ የተናገረ ከጅቡ በቀር ማንም አልነበረም። ስለዚህ የስድሳ ሦስት ዓመቱ ዲንሳ ስልኩን ሲያነሣ የሰማው ይህን ነው፤ “ጤና ይስጥልኝ ልጆች። ሁለተኛ ፎቅ። እስከ አርብ። ቢሮ። ውጣ! ከቤቴ ውጣ!” ከዚያም ስሜ ተከተለ።

ክብርት ሆይ፣ እንዲህ ያለ ጓደኛ ያለው ሰው ምን ያስባል? ቀልድ ነው አለ። በሳቅ እየተንፈራፈረ ደጄን ደበደበና “አንተ ጅብ፣ የማያውቁህ አገር መጥተህ ቁርበት አንጥፉልኝ አልክ አሉ!” አለኝ። ይህ የሆነው ከቀይ መኪናው ጥሪ በፊት ስለነበር፣ እኔ ገና መሣሪያውን አልሰማሁም፤ ተረቱ ትዝ ብሎት መስሎኝ ድምፄን አወፍሬ “ውጣ! ከቤቴ ውጣ!” አልኩት። ተቃቅፈን ሳቅን። ዲንሳም ያን ጥሪ ድምፄን እያስመሰለ ለእንግዳ ሁሉ ያሰማው ነበር። አርብም በሳቃችን መካከል አለፈ። በኋላ ነገሩ ገብቶት ቢሮ ሲሄድ፣ ሥራ አስኪያጁ “በቋንቋችሁ ነግረናችኋል” ብሎ አሰናበተው። ቋንቋችን ስለታሰበልን እናመሰግናለን።

፫ኛ/ ደብዳቤዎቼን ሁሉ በፍጥነት ስለመለሳችሁልኝ አመሰግናለሁ። ድምፄን መልሱልኝ ብዬ ስጽፍ፣ ፈቃዱ “ለዘላለም የማይሻር” መሆኑን አስረዳችሁኝ። ለዘላለም የሚለውን ቃል እስከ ዛሬ ቤተ ክርስቲያን ብቻ ነበር የምሰማው፤ ከአነስተኛ ድጋፍ ጋር አብሮ እንደሚመጣ አላውቅም ነበር። አባቶቻችን “ከአፍ ከወጣ አፋፍ” ያሉት ያለ ጠበቃ ምክር ነው። እሺ፣ እንግዲያው ስሜን ብቻ አውጡልኝ ብዬ ስጽፍ ደግሞ፣ ስሜ መጠራቱ መብቴ እንደሆነና ማንም ስሜን ቢዘል ጠበቃችሁ ከጎኔ እንደሚቆም አረጋገጣችሁልኝ። በሕይወቴ ጠበቃ ሲቆምልኝ ይህ የመጀመሪያዬ ነው፤ የቆመውም ዲንሳ ስሜን መስማት እንዳያቋርጥ ነው። ሦስተኛው መልሳችሁ ለዓመታዊው እራት የተላከልኝ የጥሪ ካርድ ነበር፤ ከተረጂዎቻችሁ ሁሉ ሥራው በብዛት ጥቅም ላይ የዋለው የእኔ ስለሆነ በመድረክ ልሸለም ነው። ሓድነት ካርዱን አንብባ “ዳድ፣ ቴክኒካሊ ዩ ዎን” አለችኝ፤ አሸንፈሃል ማለቷ ነው።

፬ኛ/ ይህኛው ምስጋና አይደለም፤ ቅሬታም አይደለም። ዲንሳና ኢብሲቱ ብሩክሊን ፓርክ አንድ ዘመድ ቤት ገቡ። ደወልኩ። ዲንሳ አነሣ። “ጤና ይስጥልኝ” ከማለቴ ዘጋው። ደግሜ ደወልኩና ቶሎ ብዬ “ወልዳይ ነኝ” አልኩ፤ እንዲህ ማለቴ ደግሞ የባሰ ነበር፤ መሣሪያውም እንዲሁ ነው የሚለው። ለአንባቢ ልንገር፤ መልእክቱ ዳግመኛ እንዳይደወልለት የሚፈልግ ሰው ዘጠኝ ቁጥርን ይጫናል። ጆሮዬ ውስጥ ጢን ሲል ሰማሁ። የሃያ ዓመት ጓደኛዬ ዘጠኝን ተጫነብኝ።

ተይዣለሁ፣ ክብርት ሆይ። ሰው ቢታሰር ይጮኻል፤ የእኔ ግን የታሰረው ጩኸቱ ራሱ ነው። እኔ አይደለሁም ብዬ አፌን በከፈትኩ ቁጥር፣ እኔው ነኝ ብዬ እመሰክራለሁ። በጽሑፍ የመጣሁብዎት በዚህ ምክንያት እንጂ ስልክ ጠልቼ አይደለም።

ሓድነት ብሩክሊን ፓርክ ድረስ ወሰደችኝ። በሩን የከፈተችው ኢብሲቱ ናት፤ ዲንሳ ከመጋዘን የሌሊት ሥራ ገብቶ ተኝቷል አለችኝ፤ ከውስጥ ሲያስል ሰማሁት። “ወልዳይ፣ ፔይ አድርገውህ ቢሆን ይገባናል፣ ሰው የሚከፍለው ቢል አለበት። ግን በፍሪ! እኛን ለማስወጣት በፍሪ!” አለችኝ። በሩ ላይ ቆሜ ስለ ኮቶቹ፣ ስለ ጅቡ፣ ስለ ፈቃዱ ነገርኳት፤ ግማሹን ያመነችኝ ይመስለኛል። “እሱ ግን አሁን አማርኛ በስልክ ሲሰማ ኮምፒውተር ነው ብሎ ሀንግ አፕ ያደርጋል፣ በአማርኛ ሰላም ያለችውን የእኔን እህት እንኳ ዘግቶባታል!” አለች። ያን ጊዜ አንድ ነገር ጠየቅኳት፤ “አላወቅሁም ነበር፣ ይቅር በለኝ” በቤታችሁ ቋንቋ እንዴት ይባላል? ነገረችኝ። ደገምኩት። በትግርኛ ቅላጼዬ ሳቀች፤ ከእነዲንሳ ሳቅ ስሰማ ከዚያ አርብ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። እዚያው ጮክ ብዬ ወደ ውስጥ ልለው ፈልጌ ነበር፤ ቃሉን እያጉተመተምኩ ወደ መኪናው ተመለስኩ። ሃያ ዓመት ሙሉ እሱ ወደ እኔ በሁለተኛ ቋንቋው ሲመጣ፣ እኔ ወደ እሱ አንድ ቃል አልሄድኩም ነበር።

እንግዲህ፣ ለእራቱ ጥሪ ከልብ እያመሰገንኩ ለመቅረት እገደዳለሁ፤ ድምፄን ግን ልትጋብዙት ትችላላችሁ፣ ፈቃድ አያስፈልገውም። ይህንንም ደብዳቤ ከፈንድዎ በተማርኩት ልግስና ለሁሉም ለቅቄዋለሁ፤ ማንም ይቅዳው፣ ይቁረጠው፣ ይሽጠው። ግዴታው አንድ ብቻ ነው፤ ጮክ ብሎ ያነበበው ሁሉ በመጨረሻው ላይ የእርስዎን ሙሉ ስም ይጥራ። መብትዎ ነውና፣ የሚዘል ቢኖር ከጎንዎ እቆማለሁ።

በማይሻር አክብሮት፣ ለዘላለም የእርስዎ፣

ወልዳይ ፍስሓጽዮን
በስልክ የምታውቁኝ

ድኅረ ጽሑፍ፦ በሚቀጥለው ዙር በትግርኛና በአፋን ኦሮሞ የሚያነቡ ሰዎች እንደምትፈልጉ ማስታወቂያችሁ ላይ አይቻለሁ፤ ከትግርኛው በፊት አማርኛዬን ስለወሰዳችሁ እግዜር ይስጥልኝ፣ የእናቴ ቋንቋ ሳትነካ ተርፋለች። በአፋን ኦሮሞ ደግሞ በየጠዋቱ ቁም ሣጥን ውስጥ ገብቼ፣ በሩን ዘግቼ፣ በኮቶቹ መካከል የምለማመዳት አንዲት ዓረፍተ ነገር አለችኝ። ቅዳሜ ብሩክሊን ፓርክ ሄጄ በዚያ በር ላይ እላታለሁ። የተሰናዳችው ለአንድ ሰው ብቻ ስለሆነ እዚህም አልጻፍኳትም፤ ለእናንተም አልሰጣትም።