ያቺን መኪና ማን እንደነዳት

አባዬ፣

ነገሩ የተበላሸው አንተ ገና አፈር ሳትቀምስ፣ በደብሩ ቅጥር ውስጥ ታላቅ ወንድምህ ጋሼ ደምሴ የሕይወት ታሪክህን ሲያነቡ ነው። የትውልድ ቦታህ፣ ትምህርትህ፣ የፊዚክስ መምህርነትህ፣ ሁሉም ደህና አለፈ። ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «እስከ መጨረሻዋ እሑድ ድረስ የሚወዳትን መኪና ራሱ እየነዳ፣ ስለ ፋብሪካው ዘመናት ከወንድ ልጁ ከቢኒያም ጋር እየተከራከረ እንጦጦ ይወጣ ነበር» አሉ። ሕዝቡ ከንፈሩን መጠጠ። እኔ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ከሴቶቹ መሃል ቆሜያለሁ። ቢኒ ቀና ብሎ አየኝና መልሶ አቀረቀረ። ያን ቃል ብታስተባብል የምትታመነው አንተ ብቻ ነበርክ፤ አንተ ደግሞ ሳጥን ውስጥ ነህ።

ከተለየኸን ስምንት ወር ሊሆን ነው። እስካሁን ያልጻፍኩልህ ረስቼህ አይደለም። ተናድጄብህ ነው።

እኛ ቤት «ፋብሪካው» ከተባለ አንድ ብቻ ነው፤ ያ ጣሊያን አገር ያለው፣ የእሽቅድምድም መኪና የሚሠራው። እኔ ሳልወለድ፣ ወደ አገሩ ሊመለስ ከነበረ የውጭ አገር አስተማሪ ላይ የዚያን ፋብሪካ አሮጌ ባለ ሁለት በር መኪና ገዝተህ ዕድሜህን ሙሉ ስትጠጋግናት ኖርክ። ቢኒ ዘይት ይሸተኛል እያለ ሸሸ። እኔ ቀረሁ። በመቅረቴም ክርክሩ መጣ።

አንተ ምርጡ ዘመን መሥራቹ በሕይወት የነበረበት ነው ትላለህ። ቆርቆሮው በመዶሻ የሚቀጠቀጥበት፣ ሰውየው ራሱ በፋብሪካው ውስጥ እየተንጎራደደ ድምፁ ያልጣመውን ሞተር የሚያስፈታበት ዘመን። እኔ ደግሞ የሚበልጠው ከእሱ በኋላ የመጣው ነው እልሃለሁ፤ ፋብሪካው ሊዘጋ ደርሶ ሌሎች ተረክበው ያዳኑበት። ማስረጃዬ እንጦጦ ነበር። ዳገቱ አጋማሽ ላይ አየሩ ሲሳሳ ያንተ ዘመን ካርቡራተር ነዳጅ መቀነስ አያውቅም፤ ማርሚታው ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ልብሳችን ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። የኋለኛው ዘመን መኪና ግን አየሩን ለክቶ ነዳጁን ራሱ ይመጥናል። የእንጦጦ ከፍታ የፋብሪካው ኃጢአት ነው እንዴ ትለኛለህ። ዳገት ያቃተው መኪና ቆንጆ የቤት ዕቃ ነው እልሃለሁ። «ኢንጂነር፣ አንቺ ልብ የለሽም» ብለህ ትስቃለህ። ከዩኒቨርሲቲ ስመረቅ ያወጣህልኝ ስም ነው። ከቤት ውጭ ግን አንድ ቀን እንኳ በዚያ ስም ጠርተኸኝ አታውቅም።

አንዴ ደግሞ ያ የምትወደው ዘመን የአንድ ሰው ስም ብቻ የሚታይበት ዘመን ነው ብዬህ ነበር። ቆርቆሮውን የቀጠቀጡት፣ ወንበሩን የሰፉት፣ ሞተሩን ሌሊት ከቀን የፈተኑት የት ሄዱ? አንተ ሻይህን ጠጣህ።

ዓይንህ እየደከመ ሲመጣ መሪውን ለእኔ ሰጠኸኝ። ከሲግናል ሰፈር ጀምሮ እኔ እነዳለሁ፤ አንተ ከጎኔ ተቀምጠህ ማርሽ የቀየርኩበትን ድምፅ እየሰማህ ትተቸኛለህ፤ ፍሪሲዮኑን ቶሎ ለቀቅሽው፣ ሁለተኛን አዘገየሽው እያልክ። በሕይወቴ ከእነዚያ ጠዋቶች የሚበልጥ ደስታ የለኝም፤ ይህንንም ማንም አይወስድብኝም። ባሕር ዛፉ ከሚሳሳበት መታጠፊያ ስንደርስ ግን «እዚህ ጋ አቁሚልኝ» ትላለህ። እንወርዳለን፣ ቦታ እንቀያየራለን። ጓደኞችህ የሚሰበሰቡባት ሻይ ቤት ከመታጠፊያው ወዲያ ናት፤ መንገዱ ቀጥ ያለ ስለሆነ ያቺን ጥቂት ርቀት በደብዛዛ ዓይንህ ቀስ እያልክ ትደርሳታለህ። እነሱም አንተን ከመሪው ጀርባ ያዩሃል፤ እኔን በሌላኛው በር ስወርድ ያዩኛል። እወድህ ስለነበር እምቢ አላልኩህም።

ጡረተኛው ወዳጅህ ጋሽ ጌታነህ የተናገሩትን ታስታውሳለህ? ሻይ ቤቷ ውስጥ ጓደኞችህ ስለ ዘመናቱ ሲሟገቱ ስለ አየሩና ስለ ነዳጁ እኔም ቃል ጣል አደረግኩ። ስኒያቸውን አስቀመጡና፣ «ልጄ፣ ለመሆኑ ነድተሻት ታውቂያለሽ? ሴት ልጅ መኪና ስትመርጥ ቀለሙን ነው» አሉኝ። ጠረጴዛው በሙሉ ሳቀ። ዓይኔን አንተ ላይ ጣልኩ። አንተም ሳቅህ። ትንሽ ነው የሳቅኸው፣ ግን ሳቅህ። ዳገቱን አውጥቼ ያደረስኩህ እኔ ነበርኩ፤ የመሪው ሙቀት ገና ከእጄ አልወጣም።

በሌላኛው እሑድ ያንኑ የእኔን ክርክር የራስህ አድርገህ አቀረብከው። ጋሽ ጌታነህ፣ «መምህር፣ ይህስ እውነት ነው» አሉ። ስንመለስ «አሸነፍን» አልከኝ። ያኔ ደስ ብሎኝ ነበር። ዛሬ ሳስበው ያመኛል።

ስለዚህ ጋሼ ደምሴ አልዋሹም፣ አባዬ። ያሳየሃቸውን ነው ያነበቡት። መኪና እና ክርክር ሲባል የሚታያቸው ወንድ ልጅ ብቻ ስለሆነ የጎደለውን ራሳቸው ሞሉት።

ቤታችንን ልንገርህ። መንገዱ ሰፍቶ አጥራችን ወደ ውስጥ ገባ፤ መኪናዋ የምታድርበት ቆርቆሮ ቤት ለጥቂት ተረፈ። እማዬ ያንተን ጫማዎች ለሰው መስጠት አቅቷት አልጋ ሥር ደርድራቸዋለች። በአርባህ፣ እንግዳው ሲበተን፣ ጋሼ ደምሴ የመኪናዋን ቁልፍ ለቢኒ ሰጡት፤ የቀረው ዘመድ ሁሉ አጨበጨበ። እሱም ሪባን አስሮ ለሠርግ ያከራያት ጀመር። በፀሐይ፣ በሰው እርምጃ፣ ከሙሽራ አጀብ ጋር። መገናኛ አደባባይ ላይ ሞተሩ ጋለና ቆመች። ሚዜዎቹ በሱፍና በከረባት ገፏት። «እስቲ ነይ፣ ይቺ መኪናሽ ምን ሆና ነው?» ብሎ ደወለልኝ። ቁልፉ ሲሰጥ የአባቱ ነበረች፤ ስትበላሽ የእኔ ሆነች።

አሁን ለአንድ የሠርግ መኪና አከራይ ሊሸጣት ተስማምቷል። ሰውየው ሞተሯን አውጥቶ የሌላ መኪና ሞተር ሊከትባት፣ ነጭ ቀለም ሊቀባት ነው። እኔም እኩል ወራሽ ስለሆንኩ ያለ ፊርማዬ አይሆንም። ቅዳሜ ዕለት ጋሼ ደምሴ ሽማግሌዎች ይዘው መጡ፤ ጋሽ ጌታነህም አብረው ነበሩ። እማዬ ጓዳ ጠርታኝ፣ ለቤታችን ሰላም ስትይ ፈርሚና ዝም በይ ብላ ለመነችኝ። ወጥቼ ለሁሉም ነገርኳቸው። «አባዬ ዓይኑ በደንብ አያይም ነበር። እንጦጦ ድረስ የምነዳት እኔ ነበርኩ፤ የሚከራከረውም ከእኔ ጋር ነበር» አልኩ።

ጋሽ ጌታነህ ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። «የሞተ ሰው ስም አታጉድፊ» አሉኝ።

እውነቱን የሚያውቀው ወንድሜ አጠገባቸው ተቀምጧል። ተናገር እንጂ፣ ቢኒ አልኩት። «አሁን ይሄ ምን ያደርጋል?» አለና ስልኩን ማየት ጀመረ። እማዬ አለቀሰች። እኔ ሳልፈርም እስክሪብቶውን ለጋሼ ደምሴ መልሼ ሰጠኋቸው። ሽማግሌዎቹ ሻይ እንኳ ሳይጠጡ ወጡ፤ በሰፈራችን ይህ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለህ። ከዚያ ወዲህ ቢኒ አያናግረኝም። እማዬም ስትጠራኝ በስሜ ብቻ ሆኗል፤ «ልጄ» የለም።

አባዬ፣ አስታውስሃለሁ። ግን እነሱ በፈለጉት መልክ አይደለም። ትዕግሥትህን፣ ጆሮህን፣ ሞተር ሲነሳ ፊትህ ላይ የሚፈካውን አስታውሳለሁ፤ ስትፈራ የሰዎቹን ሳቅ እንደምትመርጥም አስታውሳለሁ። ሁለቱም አንተ ነህ። ማን እንደነዳት መናገር ስምህን የሚያጎድፍ ከሆነ ስምህ ቀድሞውንም የቆመው በእኔ ዝምታ ላይ ነበር ማለት ነው።

መኪናዋ አትሸጥም። ቢገፋፉኝ ፍርድ ቤት እቆማለሁ፤ ዘመድ ቢቆጣ ይቆጣ። የሠራሁትን ሌላ ሰው ሠራው ሲባል አንገቴን ደፍቼ ማዳመጥ፣ ለቤታችን ሰላም ተብሎ ዝም ማለት፣ ከእንግዲህ አልቀበልም። ከአጎቴ፣ ከወንድሜ፣ ከእማዬም። እወድሃለሁ፤ አንተም ተነስተህ ብትለምነኝ አልቀበልም።