ለአርባ ሰባት ዓመቷ ነርስ የሚገባ ደመወዝ

ለምወድህ ወንድሜ ለሱፊያን፤

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ጤናህ እንዴት ነው? ብርዱስ? ወገብህስ ተሻለህ? አሁንም ቆመህ ነው የምትበላው? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። የሰርቦው ቡና ተለቅሞ አልቋል። እናታችን ጉልበቷን ያማታል እንጂ ቡናው የተሰጣበት አልጋ አጠገብ ቆማ ሠራተኛውን ሁሉ ታዛለች።

ባለፈው ወደ አንተ ከተማ እንደማልመጣ ስነግርህ ተቆጥተህ ስልኩን ስለዘጋኸው፣ ነገሩን ረጋ ብዬ በጽሑፍ ልንገርህ ብዬ ነው።

አንተ ከተማ ያለው የአረጋውያን መኖሪያ ሊቀጥረኝ ሲስማማ ከእኔ በላይ የተደሰትከው አንተ ነበርክ። ሁለታችንም ሕጉን አላየንም። አርባ አምስት ዓመት ያለፈው የውጭ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ጀርመን ለሥራ ሲገባ ደመወዙ መንግሥት በየዓመቱ ከሚያወጣው መጠን ማነስ የለበትም፤ አለዚያ ለጡረታው የሚበቃ ነገር እንዳለው ማሳየት አለበት። ሠላሳ ዓመቴ ቢሆን ኖሮ እነሱ ያቀረቡልኝ ዝቅተኛ ደመወዝም ያስገባኝ ነበር። እኔ ግን አርባ ሰባት ሞልቶኛል።

ሥራ አስኪያጁ «ደመወዙን ውሉ ላይ ከፍ አድርገን እንጽፋለን፣ ልዩነቱን በየወሩ ትመልሳለች» ሲልህ የተስማማኸው ለእኔ ብለህ ነው፤ አልተቀየምኩህም። ግን መኖሪያ ፈቃዴን ባሳደስኩ ቁጥር ያ ሰው «አጋልጥሻለሁ» እንዳይለኝ እየፈራሁ መኖር አልችልም። ቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ይህን ሁሉ ዓመት የሠራሁት ቀና ብዬ ነው።

ስለዚህ ሳልነግርህ በደቡብ ጀርመን፣ ተራራ ሥር ባለች ትንሽ ከተማ ለሚገኝ ሆስፒታል አመለከትኩ። በቪዲዮ ሲያነጋግሩኝ መጀመሪያ የጀማሪ ደመወዝ አቀረቡልኝ። ምላሴ እየተያያዘ በዚያው ባስተማርከኝ ጀርመንኛ «ሕጋችሁ ዕድሜዬን ቆጥሮብኛል፤ እናንተ ደግሞ የሥራ ዘመኔን ቁጠሩልኝ» አልኳቸው። የነርሶቹ ኃላፊ ፈገግ አለችና እንመካከርበታለን አለችኝ። ባለቤቴ ሙሀጅር እንኳ «በቃ፣ አለቀ» ብሎኝ ነበር። አላለቀም። ልምዴን ሙሉውን ቆጥረው፣ የቀዶ ሕክምናውን አበል ጨምረው ውሉን ላኩልኝ። ከሕጉ መጠን በላይ ነው፣ የምመልሰውም የለም። ቪዛዬ ባለፈው ሳምንት ወጣ።

ችግሩ ካንተ መራቁ ነው፤ በባቡር ሙሉ ቀን ያስኬዳል። «እዚህ ያለ ዘመድ ብቻዬን ነኝ፣ እህቴ አጠገቤ ትሆናለች ብዬ ነበር» ያልከኝ ከጆሮዬ አልወጣም። ግን እውነተኛ ወረቀት ይዤ ሩቅ ብሆን ሳልሳቀቅ እመላለሳለሁ፤ በውሸት ወረቀት ጎረቤትህ ብሆን ለአንተም ጭንቀት ነኝ። አየር ማረፊያ መጥተህ ተቀበለኝና አብረን እንሂድ። ዩኒቨርሲቲ የገባህ ዕለት ሻንጣህን ተሸክሜ ያደረስኩህ እኔ ነበርኩ፤ አሁን ተራው ያንተ ነው።

ሙሀጅር እኔ ስደላደል ከልጃችን ጋር ይከተለኛል፤ ሰላም ብሎሃል። ሩፈይዳ ደግሞ አጎቴ በረዶው ላይ ያስሮጠኛል ወይ ትላለች። አብሮህ ለሚኖረው ለገመቹ የሰርቦ ቡና ይዤለት እንደምመጣ ንገርልኝ። እናታችን ቪዛው መውጣቱን ስነግራት «ዴሚ ያ ኢንታላኮ፣ ሂጂ ልጄ» ብላ መረቀችኝ። አሁን ልጆቼ ማታ ማታ አንድ ገበታ ላይ ሊበሉ ነው እያለች ለሰርቦ ሰው ሁሉ ትናገራለች። የባቡሩን ነገር አልነገርኳትም፤ አንተም አደራ።

እህትህ ፈድሊያ
ጅማ፣ ጊንጆ ጉዱሩ
ጥር 17 ቀን 2018 ዓ.ም.