ለባለቤቱ ያልተነገረ

ልጄ፤ በድለሽኛል። እንደምሞት ከእኔ በፊት ለሰው ነገርሽ፤ እኔን ግን ዋሸሽኝ።

ይህን ያስቀደምኩት ሰላምታው እንዳይሸፍነው ብዬ ነው። አሁን እንደ ወጉ፣ እንደምን ከርመሻል? የጎንደር ብርድ እንዴት ይዞሻል? ያ ክረምት በመጣ ቁጥር የሚነሳብሽ ሳልስ ተወሽ? እኛ ዘንድ መተማ ዝናቡ ሊወጣ ነው። ሰሊጡ አበባውን አራግፎ ፍሬ ይዟል። ማሳውን የማየው ወንድምሽ አምባው በትራክተሩ ሲወስደኝ ነው። በእግሬ የማልሄደው መንገዱ ጭቃ ስለሆነ ነው።

ይህን በስልክ ልነግርሽ እችል ነበር፤ ግን ገና ስጀምር ታለቅሻለሽ። ፊደልን ማንም ሳያስተምረኝ ከጭነት መኪና ጎን ላይ እየለቀምኩ የተማርኩ ሰው ነኝ፤ ጽሕፈቴ ቢጣመምም ይነበባል።

ዓምና በአጨዳ ጊዜ ስለ ጉበት ቫይረስ ልታጠኚ ከነመሣሪያሽ መጥተሽ በእርሻው ዳር ዳስ ጣልሽ። ለቀን ሥራ ከደጋ የወረዱት ሳሉጎች ደማችንን አንሰጥም አሉ። «የወፍ በሽታ እንደሆነ ቅጠል ተጠጥቶበት የሚተፋ ነገር ነው፤ ደሙ ምን ያደርግላታል? ሱዳን ልትሸጠው ነው እንጂ» እያሉ ሲሳሳቁ፣ እጅጌዬን ሰብስቤ ቀድሜ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። «የሽማግሌ ደም ማን ይገዛል?» ብላቸው ሳቁ፤ ከዚያ ተሰለፉ።

የእርሻው ወኪል መጥቶ «የታመሙትን ስም ንገሪኝ፤ ከሌላው ጋር ካንድ ገበታ ሳይበሉ ላሰናብታቸው» ያለሽን አትረሺውም። «የሰው ደም ወሬው የባለቤቱ ነው፤ እንኳን ለአንተ ለገዛ ወንድሙም አልናገርም» አልሽው። እሱም «አይ ዶክተር፣ አንቺ ደግሞ ነገር ታከብጃለሽ» ብሎ እያጉረመረመ ሄደ። ቀጥለሽ ውባንተ የሚሉትን የጎጃም ልጅ ግራሩ ሥር ለብቻው ጠራሽው። ልጁ ድምፁን ዝቅ ማድረግ አያውቅምና «እትዬ፣ ሞት ከሆነ ቁርጡን ንገሪኝ፤ እጮኛዬ በከንቱ አትጠብቀኝ» ሲልሽ ከዳሱ ሆኜ ሰማሁት። ምን እንደመለስሽለት ማታ ራሱ አወራልኝ። ቫይረሱ እንዳለበት፣ ክትትልና መድኃኒት እንዳለው፣ እጮኛውም ከተከተበች እንደማይይዛት ነግረሽው ኖሯል። «መጀመሪያ አለቀስኩ አባባ፤ ኋላ ሠርጉ እንደማይቀር ሲገባኝ ዶክተሯን ጠላ ይጠመቃል አልኳት። ይጠመቅ፣ አንተ ግን አትቀምሰውም ብላ አሳቀችኝ» አለኝ። የዚያን ቀን ኮራሁብሽ። ይህን ነግሬሽ አላውቅም።

በማግስቱ እኔን አስተኝተሽ ያን መሣሪያ ሆዴ ላይ አንሸራተትሽ። ቅባቱን ስትጠርጊ ቆየሽ፤ ንጹሑን ደግመሽ ጠረግሽው። ምንድን ነው ብልሽ «ጨጓራ ነው አባባ፤ በርበሬ ይቀንሱ» አልሽኝ። ጎንደር ወስደሽ በሌላ መሣሪያ ሲያነሱኝም ያው ጨጓራ ነበር። በርበሬ ተውኩ። አልጫ ስበላ ከረምኩ፣ ልጄ።

ከዚያ ወዲህ ሰው ሁሉ ደግ ሆነብኝ። በማሳ ድንበር ስንካሰስ የኖርነው ጀምበሩ ሽማግሌ ይዞ መጥቶ «እስከወደዱት ድረስ አርሰው ይዝሩት፤ እርስዎን ከማስቀይም መሬቱ ይቅርብኝ» አለኝ። ጀምበሩ! ተንኮል መስሎኝ ሰድቤ አባረርኩት። ጠላ ሻጯ ባየሽ ቤት ጠላ ልጠጣ ብገባ ወተት ሰጠችኝ። ጠላው አልደረሰም አለችኝ፤ አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ጠላውን እየጨለጠ።

ባለፈው ሳምንት አብዱረሕማን፣ ከሱዳኑ ጦርነት ሸሽቶ እኛ ዘንድ የከረመው የገላባቱ ወዳጄ፣ ወደ ገዳሪፍ ልመለስ ነው ብሎ ሊሰናበተኝ መጣ። እጄን ይዞ አልለቅ አለኝ። «ወላሂ፣ አንተን ዋሽቼ ድልድዩን አልሻገርም። ጨጓራ አይደለም፤ ጉበትህ ላይ ነቀርሳ ነው። ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ አንተ ብቻ ነህ የቀረኸው» አለኝ። አምባውን ጠርቼ ጠየቅኩት። «እሷ ናት አትንገር ያለችኝ፤ አባባ ከሰሙ ልባቸው ይሰበራል ብላ» አለና መሬት መሬቱን አየ። እሱ ለሚስቱ ለሰርካለም ነገረ፤ ሰርካለም ለማኅበሯ።

ለታመመ ሰው ክፉ ወሬ አይነገርም ይባላል፤ አውቃለሁ፣ ወጉ የእኛው ነው። ለባዳ ሁሉ ያልተከተልሽውን ወግ ግን ለእኔ ከየት አመጣሽው? ምን እንደወሰድሽብኝ ልንገርሽ። ይህን ክረምት ነው። የመጨረሻዬ መሆኑን ባውቅ ጀምበሩን አስቀምጬ አበላው ነበር። የመጀመሪያው ዝናብ የወረደ ቀን ቆርቆሮው ጮኸብኝ ብዬ ስነጫነጭ ዋልኩ፤ ደጅ ወጥቼ እንኳ አላየሁትም።

አንቺ ያልቻልሽውን እኔው ልናገረው። አባትሽ ጉበቱ ላይ ነቀርሳ አለበት። የሚድን አይደለም። ይሞታል። ይኸው፣ ተጻፈ፤ አንቺም አንብበሽዋል።

ሌላም ነገር ሰምቻለሁ። ዘንድሮ ወደ ዳሱ ሌላ ሰው ልትልኪ ነው አሉ። «አባቴን ዋሽቼ ለሰው በምን አፌ እነግራለሁ» ብለሽዋል ለአምባው። ይህን አልቀበልም። ሳሉጎቹ ከሸሕዲ በአይሱዙ እየተጫኑ መውረድ ጀምረዋል። የምትልኪው ሰው ወኪሉ ስም ሲጠይቀው እምቢ የሚል አንጀት አለው? እኔ እንጃ። ውባንተ አግብቶ መጥቷል። «ዶክተሯ ካልሆነች ሚስቴን ለማንም አላሳይም» ይላል፤ እሱም እንደኔ ግትር ነው። ራስሽ ነይ።

ጠላ ሻጯ ባየሽ ክፍልሽን እንደ አዲስ ለስናዋለች፤ አይጥ አስቸግሮ ነው። አልጋሽን ከእኔ ክፍል አጠገብ አዛውሬዋለሁ። በዚያኛው በኩል ጣሪያው ያፈሳል።

እግዚአብሔር እጅሽን ይባርከው። ለድሃ እውነት የምትናገሪበትን አንደበት አይንሳሽ። እመቤቴ በመንገድሽ ሁሉ ከለላ ትሁንሽ።

ስትመጪ ይቅርታ ብለሽ እግሬ ላይ እንዳትወድቂ። ጎንበስ ብዬ ላነሳሽ አልችልምና ቀጥ ብለሽ ግቢ። በደልሽን አንድ ጊዜ ጽፌዋለሁ፤ አበቃ። ከእንግዲህ ከአፌ አይወጣም፤ አንቺ ብታነሺውም አልመልስልሽም።

አባትሽ