የጋሽ ሽብልቅና የፍልጦቻቸው የሕይወት ታሪክ

ሰፈሩ ሁሉ ጋሽ ሽብልቅ እያለ የሚጠራቸው አያታችን፣ ከአናጢ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው፣ ከጣውላ መጋዘን ጀርባ ባለች ባለ አንድ ክፍል ቤት ተወለዱ። እናታቸው ይናገሩት እንደነበረው፣ ገና ሳይራመዱ ስንጥር እጃቸው ውስጥ ገብቶ አልቅሰዋል። ስንጥሩ ሲወጣላቸው ደግሞ ተወሰደብኝ ብለው የባሰ አልቅሰዋል።

ትምህርታቸውን በሰፈሩ ትምህርት ቤት እስከ ስድስተኛ ክፍል ተከታትለዋል። ያቋረጡት በስንፍና አይደለም። የተቀመጡበት አግዳሚ ወንበር ውስጡ ቀጥ ያለ መሆን አለመሆኑን ለማየት ፈልጠውት ነው። መምህሩ አባታቸውን አስጠሩ። አባትየው መጥተው ፍልጡን አገላብጠው ካዩ በኋላ «እውነትም ቀጥ ብሏል» አሉ። ትምህርቱም በዚያው አበቃ።

በአሥራ አራት ዓመታቸው ወደ ቀስት እንጨት ሥራ ገቡ። ቀስት ሠሪ ቀስቱን ይሠራል እንጂ እንጨቱን ከጫካ መርጦ፣ ቆርጦ፣ ፈልጦና አድርቆ የሚያቀርብለት ሌላ ሰው ነው። ያ ሌላ ሰው ዕድሜ ልካቸውን እሳቸው ነበሩ። ዛፍ ከመቁረጣቸው በፊት ቅርፊቱን በመዳፋቸው ከታች ወደ ላይ ይዳስሳሉ። ቅርፊቱ እንደ ገመድ ከተጠማዘዘ ውስጡም ተጠማዟል ማለት ነውና፣ እንደማይወዱት ዘመድ ሰላም ብለውት ያልፋሉ። ቀጥ ያለውን ከቆረጡ በኋላ በመጋዝ አይሰነጥቁትም፤ ሽብልቅ እየመቱ ይፈልጡታል። መጋዝ እንጨቱን ሳይጠይቅ ያልፋል፤ ሽብልቅ ግን እንጨቱ በፈቀደው መስመር ይሄዳል፤ መስመሩ የተቆረጠ ቀስት ደግሞ ሲለጠጥ ይሰበራል ይሉ ነበር። ከዚያ ፍልጡ ሲደርቅ እንዳይሰነጠቅ ጫፍና ጫፉን ኮላ ቀብተው ለዓመታት በጥላ ያደርቁታል።

ቅጽል ስማቸውም የመጣው ከዚሁ መሣሪያ ነው። አንዳንዶች ግን ሁለት ሰው ሲያወራ መሐል ስለሚገቡ ነው ይላሉ። ሁለቱም ልክ ነው።

ዛሬ እማማ የምንላቸውን ባለቤታቸውን ያገኙት ኮላ በሚገዙበት ሱቅ ነው፤ እማማ ሻጭ ነበሩ። ኮላው ሳያልቅ መመላለስ ሲያበዙ ነገሩ ለሁሉም ገባው፤ ተጋቡ። በተጋቡ በመጀመሪያው ሳምንት እማማ ጓሮ ውስጥ የተደረደረ ደረቅ ፍልጥ አዩና እሳት አያያዙበት። አያታችን ከሥራ ሲመለሱ ሾርባው ደርሷል፤ ከመተጫጨታቸው በፊት ጀምሮ ሲደርቅ የኖረው የቀስት እንጨት ፍም ሆኗል። ጎረቤት ጆሮውን አቁሞ ጠበቀ። እሳቸው ግን በርጩማ ስበው እጃቸውን እየሞቁ፣ «ለካ ደርቆ ነበር» አሉ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ፍልጡ አልጋ ሥር ገባ። ከአልጋው ስለሚረዝም ጫፉ ብቅ ብሎ ይታያል። በዚህ ቤት ያደጉት ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጆቻቸው፣ የልጅ ልጆቻቸውም ሳይቀሩ፣ የእግራቸውን አውራ ጣት በየተራ ተላግተዋል። እማማ «አንተ ሰውዬ፣ ያገባኸው እኔን ነው እንጨቱን?» ሲሏቸው፣ «አንቺ ጉጥ አለብሽ፤ እንጨቱ የለበትም» ይሉ ነበር። እማማ በዚህ ቀልድ ስቀው አያውቁም። ፍልጡን ኮላ የሚቀቡት ግን ከዚያ ወዲህ እማማ ራሳቸው ሆኑ።

ባለፈው ዓመት አያታችን ለዘመናት ሲመኙት የኖሩትን ዛፍ እንዲቆርጡ ባለጫካው ፈቀደላቸው። ግንዱ ጓሮ በደረሰ ሰሞን ግን ሳንባቸውን ታመው ተኙ። ሐኪሙም ከአልጋ እንዳይወርዱ ከለከላቸው። ግንድ ደግሞ በሽተኛ እስኪድን አይጠብቅም፤ በጊዜው ካልተፈለጠ እየደረቀ በየአቅጣጫው ይሰነጠቅና ለማገዶ ብቻ ይቀራል። ሹፌር የሆነው ወንድ ልጃቸው ልፍለጠው ቢላቸው፣ «አንተ ሰፊ መንገድ ላይ እንኳ ቀጥ ብለህ አትሄድም» ብለው መለሱት። ሰው መቅጠርም እሺ አላሉም። በሕመማቸው ያልተጨነቁትን ያህል በግንዱ ተጨነቁ፤ ምግብም ቀነሱ።

አንድ ጠዋት እማማ መስኮቱን ወለል አድርገው ከፈቱ፤ ሽብልቁንና መዶሻውን ይዘው ወደ ጓሮ ወጡ። «አንተ ሰውዬ፣ ስማ» አሉና መቱ። አያታችን ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጡ ጀመር። ድምፁ እየቀጠነ ሲሄድ ዝም ይላሉ፤ ሲታፈን ግን ሽብልቁ ከመስመሩ ወጥቷል ማለት ነውና ይጮኻሉ።

«ቁሚ! ወደ ግራ አድርጊው።»

«እያየሁት ነው።»

«እኔ ደግሞ እየሰማሁት ነው።»

«እንግዲያው ዝም ብለህ ስማ።»

ግንዱ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ እንደ አዲስ አቡጀዲ፣ ተርተር ብሎ ተከፈተ። እማማ በላብ እንደ ተጠመቁ፣ አንዱን ፍልጥ ከልጃቸው ጋር ተሸክመው ገብተው ብርድ ልብሱ ላይ አጋደሙት። አያታችን በመዳፋቸው ከዳር እስከ ዳር ዳሰሱት። መዳፋቸው የትም አልተደናቀፈም።

«ይኼኛውን እንዳታነጂው» አሉ።

እማማ ያን ጊዜ ሳቁ። አያታችንም በዚያን ቀን ምሳቸውን ጨርሰው በሉ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ወራት ተረጋግተውና ቀልዳቸው ሳይለያቸው ኖረው፣ ባለፈው ሐሙስ ማለዳ፣ በተወለዱ በሰባ ስምንት ዓመታቸው በዚያው አልጋ ላይ ዐረፉ። ጫፋቸው በእማማ እጅ ኮላ የተቀባ ፍልጦችም ከአልጋው ሥር ነበሩ። ባለቤታቸው፣ ሦስት ልጆቻቸው፣ ሰባት የልጅ ልጆቻቸውና ከእንጨታቸው የተሠሩ ቀስቶች ሁሉ ከኋላቸው ቀርተዋል።

ፍልጦቹ ቀስት ለመሆን ገና ዓመታት ይቀራቸዋል። እማማም ፍልጦቹ ከአልጋው ሥር ንቅንቅ አይሉም ብለዋል። ስለዚህ ልታጽናኑን የምትመጡ ሁሉ፣ በአልጋው በኩል ስታልፉ እግራችሁን ጠብቁ። ለአያታችንም ፈጣሪ ጥላው የማያልቅ፣ ዛፉ ሁሉ ቀጥ ያለ ማረፊያ ይስጥልን። አሜን።