የመምህር ሳህሉ ኢፋ የሕይወት ታሪክና ሳይጨርሷት የቀረች አንዲት ማካፈል

መምህር ሳህሉ ኢፋ ከአባታቸው ከኦቦ ኢፋ ገርባና ከእናታቸው ከወይዘሮ አያንቱ ቱሉ በ1950 ዓ.ም. ተጂ ተወለዱ። የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን እዚያው፣ ሁለተኛ ደረጃን ሰበታ ተከታትለው በመምህርነት ከሠለጠኑ በኋላ፣ ሱሉልታና ሰበታ ለሠላሳ አምስት ዓመታት ሒሳብ አስተምረዋል። በ1979 ዓ.ም. ከወይዘሮ ሰናይት እሸቴ ጋር ተጋብተው ኤርምያስንና ይህን የምትጽፈውን ዕድላዊትን ወልደዋል።

በ2010 ዓ.ም. ጡረታ ወጥተው ቡራዩ ሲገቡ አሁንስ ያርፋሉ ብለን ነበር። እሳቸው ግን 2147483647 የሚባል ቁጥር ይዘው ቁጭ አሉ። ቁጥሩ ፕራይም መሆኑን፣ ማለትም ከአንድና ከራሱ በስተቀር በምንም ቁጥር ያለ ቀሪ እንደማይካፈል፣ በገዛ እጃቸው ሊያረጋግጡ ቆረጡ። ከካሬ ሥሩ በላይ መሞከር ስለማያስፈልግ፣ ለዚህ ከ46341 በታች ባሉት ፕራይም ቁጥሮች በሙሉ፣ አራት ሺህ ሰባት መቶ ምናምን ጊዜ ማካፈል ነበረባቸው። ኤርምያስ ነገሩ ከሁለት መቶ ዓመት በፊት ታውቆ ያለቀ መሆኑን በስልኩ ቢያሳያቸው፣ ለእሳቸው ገና እንዳልታወቃቸው ነግረው ስልኩን መለሱለት።

በ2013 ዓ.ም. ቀሪው ዜሮ ወጣላቸውና አካፋይ ተገኘ ብለው በግ አረዱ። እኛም ተገላገልን አልን። በጉ ተበልቶ ካለቀ በኋላ ቁጥሩን ሲገለብጡ አንዲት ሰባት ዘለው መጻፋቸው ታወቀ። ከዚያ ወዲያ እጃቸውን ስላላመኑት ሁሉንም ከሀ ጀመሩት!

በ2015 ዓ.ም. ዕድላዊትን ሊጠይቁ ሽማግሌዎች ሲመጡ፣ ጉዳያቸውን ከመስማታቸው በፊት ለእያንዳንዳቸው እስክሪብቶና የሚያጣሩትን አንዳንድ ማካፈል ሰጧቸው። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ኦቦ ዳዲ እስከ ዛሬ እንደተቀየሙ ናቸው።

ዘንድሮ መስከረም ላይ ኩላሊታቸውን ታመሙ። ሐኪም ሆስፒታል ይተኙ ቢላቸው፣ አርባ ማካፈል ቀርቶኛል ብለው ሦስት ሳምንት አዘገዩት። ይህ አሁንም ያናድደናል። ተኝተውም አላረፉም። በ46337 የምትካፈለው የመጨረሻዋ ብቻ ስትቀራቸው፣ ዕድላዊት ሲድኑ ይጨርሷታል ብላ ደብተሩን ነጥቃ ወደ ቤት ወሰደችው። በየቀኑ ለመኗት፤ አልሰጠቻቸውም። የሩብ ሰዓት ሥራ ነበር። ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም. በ68 ዓመታቸው አረፉ።

ደብተሩ ጀርባ ላይ፣ ማካፈሉ ሳያልቅ ብሞት በሕይወት ታሪኬ ቁጥሩ ፕራይም ነው ተብሎ እንዳይጻፍ የሚል ቃላቸው ተገኘ። ስለዚህ ዛሬ ጠዋት ዕድላዊት እድሩ በተከለው ድንኳን ውስጥ ተቀምጣ እያለቀሰች አካፈለች። ጎረቤታችን ባለሱቋ ወይዘሮ ራቢአም ደግመው አካፈሉት። ድርሻው 46344፣ ቀሪው 41719 ሆነ። ይህ ወረቀት ዘግይቶ የታተመው በዚህ ምክንያት ነው። 2147483647 ፕራይም ቁጥር ነው፤ ያረጋገጡትም መምህር ሳህሉ ኢፋ ናቸው።

መምህር ሳህሉ ባለትዳር፣ የሁለት ልጆች አባትና የአንዲት የልጅ ልጅ አያት ነበሩ። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያኑርልን፣ የደከመ እጃቸውንም ያሳርፍልን። እሳቸውም ደብተራቸውን የከለከለቻቸውን ልጃቸውን ይቅር ይበሏት።