ሃያ ሁለት ወንድ ዝንቦች

ሰኞ፣ መስከረም 10 ቀን 1958 ዓ.ም.

ሃያ ሁለቱንም የፈረስ ዝንቦች በስፒል ወግቼ ሳጥን ውስጥ ደረደርኳቸው። ሦስት ወገን ናቸው፦ ክንፉ ጥርት ያለው ግዙፍ፣ ክንፉ ዝንጉርጉር የሆነው ትንሽ፣ ክንፉ ላይ ጥቁር መቀነት ያለው። ሁሉንም የያዝኳቸው ከሐረር ወጣ ብላ ባለችው ድሬ ጠያራ፣ ምንጩ አጠገብ ካለው አበባ ላይ ነው። አፋቸውን በአጉሊ መነጽር አየሁ። ቆዳ የሚበጣ ስለት የላቸውም።

ሐረር፣ ጀጎል ውስጥ ቤት ያከራዩኝ አዴ ፋጡማ ግን አላመኑኝም። ድሬ ጠያራ፣ ወንድማቸው ሼኽ ዩሱፍ ዘንድ ያሏቸው ሁለት ግመሎች እየከሱ ነው። የሚኖሩት የእነዚያን ግመሎች ወተት ሸጠው ነው። ባለፈው ሳምንት የግመሎቹ ደም ተመርምሮ ንጹሕ ተባለ። የአገሩ ሽማግሌዎች ግን «ዝንቡ ነው» ብለው ከምንጩ አርቀዋቸዋል፤ ለውሃ ግማሽ ቀን ያስኬዷቸዋል። እኔ የእንስሳት ጤና ረዳቱ፣ «ይህ ዝንብ አይነክስም፤ ወደ ምንጩ ይመለሱ» አልኩ።

«ልጄ፣ ከግመሏ ሆድ ደም ሲወርድ በዓይኔ አይቻለሁ እኮ!»

«መዥገር ይሆናል፣ አዴ።»

ወደ ሼኽ ዩሱፍም «ግመሎቹን ወደ ምንጩ ይመልሷቸው» ብዬ ሰው ላክሁ።

ማክሰኞ፣ 11

ጉድ ሆንኩ! ከአዲስ አበባ የመጣው የከብት ሐኪም፣ በዕድሜ እኩያዬ ነው፣ ሳጥኑን ከፍቶ «ዓይናቸውን አይተሃል?» አለኝ። የሁሉም ሁለት ዓይን አናታቸው ላይ ገጥሟል። የሚገጥመው የወንዱ ነው፤ የሴቷ መሃሉ ክፍት ነው። ወንዱ የአበባ ወለላ እየላሰ ይኖራል። ደም የምትፈልገው ሴቷ ናት፣ ለእንቁላሏ። እንቁላሏን ውሃ ላይ ባጎነበሰ ቅጠል ትጥላለች፤ ትሉ ጭቃ ውስጥ ያድጋል። ያ ቦታ ምንጩ ማለት ነው።

ሃያ ሁለት ወንድ ለቅሜ በዘሩ ሁሉ ላይ ፈረድኩ።

ሐኪሙ ቅዳሜ ወደ ጅጅጋ ይሄዳል። ዝንቧ ግመል የሚያከሳ የደም ተውሳክ እንደምታዛምት ጠርጥሯል፤ መድኃኒቱ ግን ጥቂት ስለሆነ በግምት አይሰጥም። «ደም የጠጡትን ከነሕይወታቸው አምጣልኝ» አለ። ግመሎቹ ግን በእኔ ቃል ዛሬ ቀትሩን ምንጩ ዳር ውለዋል።

ረቡዕ፣ 12

ለሼኽ ዩሱፍ ስህተቴን ነገርኳቸው። ወደ ግመሎቹ መሩኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ትልቋ ግመል ተንበርክካ አልነሳ ብላለች። ታናሿ ገና ትቆማለች።

እስከ ዘጠኝ ሰዓት በጾም ሆዴ መረብ ሳወዛውዝ ዋልኩ። ያገኘሁት፦ አንዲት የተጨፈለቀች ዝንብና የራስ ምታት። ታናሿ ግመል መረቡን ስታይ ትደነብራለች።

ልሄድ ስል ሼኽ ዩሱፍ ጋዋኔን አዩና፣ «ይኸን ነጭ ለብሰህ? ዝንብ የሚወደው ጥቁር ከብት ነው፤ ሕፃንም ያውቀዋል፣ ወላሂ!» አሉ።

ያለኝ ጥቁር ልብስ ከሁለት ወር በፊት እናቴ ስትሞት የለበስኩት ከል ብቻ ነው።

ሐሙስ፣ 13

ለበስኩት። እናቴ ይቅር ትበለኝ።

ቀትር ላይ ታናሿ ግመል አጠገብ ቆምኩ። ደሟን እየጠጡ የነበሩት እሷን ትተው ወደ እኔ መጡ። ሲነክሱ ምላጭ ነው። ሳልንቀሳቀስ በጠርሙስ አፍ እየከደንኩ ያዝኳቸው። ዘጠኝ! የሁሉም ዓይን መሃሉ ክፍት። እዚያው በእናቴ ከል ቆሜ አለቀስኩ፤ ለቀብሯ እንኳ አልደረስኩላትም ነበር።

በበቅሎ ወደ ሐረር ገሰገስኩ። ሐኪሙ የአንዷን ሆድ መስታወት ላይ ጨምቆ በማይክሮስኮፕ አየና «ና፣ ተመልከት» አለኝ። ደሙ መካከል ቀጫጭን ነገር ይተራመሳል። ይኸው ተውሳኩ! አንዳንድ ቀን ከደም ውስጥ ይሰወራል አለኝ፤ ባለፈው ንጹሕ የተባለውም ለዚህ ይሆናል። ነገ መድኃኒቱን ይዘን እንሄዳለን።

ዓርብ፣ 14

ትልቋ ሳንደርስ ሞታለች። ታናሿ መርፌ ተወጋች።

የማክሰኞው ቀትር ነው ወይ የገደላት? ሐኪሙን ጠየቅኩት። «በሽታው የቆየ ነው» አለ። መርፌውን እየጠራረገ «ቀትሩ የቀረ አቅሟን ግን አልጨረሰባትም ማለት አልችልም» አለ። ባልጠይቀው ይሻል ነበር።

ቅዳሜ፣ 15

የግመሏን መሞት ለአዴ ፋጡማ ራሴ ነገርኳቸው። በእኔ ቃል ምንጩ ዳር እንደዋለችም አልሸሸግኩም። አንገቴን ወደ ብርሃን ዞር አድርገው ያበጠውን አዩ።

«የነከሱህ ሴቶቹ ናቸው?»

«አዎ፣ አዴ።»

«ይነክሳሉ ብዬህ ነበር። መዥገር ነው አልከኝ።»

የዛሬው የወተት ቅላቸው ባዶውን በር ላይ ተቀምጧል።

ሐኪሙ ጧት ሄዷል፤ «መድኃኒቱ መሥራቱን ለማወቅ ሦስት ቀን ጠብቅ» ብሎኛል። ሼኽ ዩሱፍ ሰው ልከው ነበር፦ ታናሿ ከግራሩ ጥቂት ቀምሳ እንደገና ተኝታለች። በጎ ይሁን ክፉ አላውቅም። ለአዴ፣ ነገ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ላያት እሄዳለሁ አልኳቸው።

«ኢንሻአላህ እኔም እመጣለሁ» አሉ አዴ፣ ነጠላቸውን እያጣፉ። «አንተ ስታይ እኔም ልይ።»

ይሻላል።