የጠበቅካት ዳኮታ ደረሰች

ውድ ተፌዬ፣

ከተለያየን አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነን። ሙት ዓመትህን ዘመድ ጎረቤቱ ተሰብስቦ በወጉ አስበናል። እዚህ መካነ ሰላም ደህና ነን፤ ብርዱም እንደምታውቀው ነው። የጓሮው አጥር በክረምቱ ዝናብ ወድቆ ነበር፤ የሰፈሩ ሰው ተረዳድቶ መልሶ አቆመልኝ። ሱቅህን ለአንዲት ልብስ ሰፊ ለቀቅኩላት። ሬዲዮና ሞባይል ትፈታበት የነበረውን ጠረጴዛህን ግን ለማንም አልሰጠሁም፤ ወደ ቤት አስገብቼ መስኮቱ ሥር አኑሬዋለሁ። ለምን እንዳስገባሁት ነው ዛሬ የምጽፍልህ። ተፌ፣ ያቺ የጠበቅካት ዳኮታ ደረሰች።

ዜናውን የሰማህበት ቀን ትዝ ይለኛል። እኔ ጓሮ ጎመን እየቀነጠስኩ ነበር፤ አንተ ስልክህን ወደ ላይ ይዘህ ከሱቅ እየሮጥክ መጣህ። በስድሳ ዓመትህ ስትሮጥ ሳይህ ሰው የሞተ መስሎኝ ጎመኑን ከእጄ ጣልኩት። «እቴ፣ ሊያወጧት ነው! ባለ ትንሽ በሯን ሊያወጧት ነው!» አልከኝ፤ ትንፋሽህ ቁርጥ ቁርጥ እያለ።

ይህን ደብዳቤ ሌላ ሰውም ያነበው እንደሆነ ነገሩ ግራ እንዳይገባው ላስረዳ። አንተ ልጅ ሳለህ እዚህ ከተማችን ዳር ካለው ሜዳ ዳኮታ የምትባል ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን ታርፍ ነበር። አባትህ ትከሻ ላይ ሆነህ አየሃት። ከጎኗ አንዲት ጠባብ በር ተከፍታ ሰዎች ጎንበስ እያሉ ሲወርዱ አይተህ እስከ መጨረሻው አልረሳሃትም። በፕላስቲክ ተቆራርጠው የሚሸጡት፣ ቤት ውስጥ የሚገጣጠሙት ዳኮታዎች ግን በእጅህ የገቡት ሁሉ ሰፊ በር ያላቸው የጦር ዕቃ ጫኞች ሆኑብህ። ሦስት ሠራህ። ሦስቱንም አንድ ቀን ካየሃቸው በኋላ «ጥሩ ናት፣ ግን እሷ አይደለችም» አልክ።

ለዚህ ነው፣ ፋብሪካው ባለ ትንሽ በሯን ሊሠራ መሆኑን ስትሰማ፣ ያን ቀን የሮጥከው። ስልክህ ላይ ያለው የገጣጣሚዎቹ ቡድንም ያን ቀን ተናውጦ ዋለ። አንዱ ደስታውን መቆጣጠር አቅቶት በትልልቁ ጻፈ፤ ሌላው «ሥዕሉን አትመኑ፣ አፍንጫዋን ያበላሹታል» አለ፤ ሌላው ደግሞ የክንፏን ርዝመት ከፎቶው ላይ በማስመሪያ ለክቶ ተሳስተዋል ብሎ ተሟገተ። አንተ የሁሉንም ታነብልኝ ነበር። እኔም «ላልተወለደ ልጅ ስም ትጣላላችሁ» እያልኩ ሳቅኩባችሁ።

ከዚያ መውጫዋ ተራዘመ። እንደገና ተራዘመ። ኩላሊትህ ከታመመ በኋላ እንኳ ከደሴ ሐኪም ቤት ስንመለስ፣ መኪናው ውስጥ ራስህን ትከሻዬ ላይ ጥለህ የምትጠይቀኝ ስለ መድኃኒቱ አልነበረም። «ቡድኑ ምን አለ?» ነበር ጥያቄህ። አንዳንድ ቀን አዲስ ነገር ስላልነበረ ከራሴ ፈጥሬ «ቀለሟ ያምራል አሉ» እልህ ነበር። ይቅር በለኝ። ልጃችን ትግስት ዱባይ ሆና፣ ዳኮታዋ ገና ሳትወጣ አዘዘችልህ። አንተ ግን ሳታያት ሄድክ።

እኔ እኮ ነኝ ይህን ፍቅር ሳላውቅ ያመጣሁብህ። ጅዳ በሰው ቤት ስሠራ ከገበያ አውሮፕላን ያለበት ሳጥን አይቼ፣ ተፌ አውሮፕላን ይወዳል ብዬ ገዝቼ ላክሁልህ። ሳምንት ቆይተህ ደወልክ። ድምፅህ አዝኖ ነበር። «እቴ፣ እንዳትናደጂ፣ የላክሽው አውሮፕላን መንገድ ላይ ተሰባብሮ ነው የደረሰው» አልከኝ። ሁለታችንም ተበሳጨን። በማግሥቱ እንደገና ደውለህ በሳቅ መናገር አቃተህ፤ ለካስ ሳጥኑ ውስጥ የአገጣጠሙ ወረቀት ነበረ። ከዚያ ወዲያ ስንት ዓመት በስልክ ስለ ክንፍና ስለ ጎማ እያወራን ተሳሰርን። ሌሎቹ ሴቶች ከባሎቻቸው ጋር በስልክ ሲጨቃጨቁ እኔ ቀይ ቀለም ፍለጋ እዞር ነበር።

ሳጥኗ በታኅሣሥ መጣች። ከዱባይ የምትመለስ ልጅ ናት ይዛት የመጣችው። ሦስት ሳምንት አልከፈትኳትም። ላስወግዳትም አልቻልኩም። በመጨረሻ ለሰይድ ልሰጣት ቆረጥኩ። ሰይድ ጓደኛህ፣ እዚሁ አብሮህ አድጎ አቀስታ ከተማ መምህር ሆኖ ጡረታ የወጣው፣ ዕድሜ ልኩን «ያየናት ዳኮታ በሯ ሰፊ ነበር» እያለ ሲከራከርህ የኖረው። ከእሱ የተሻለ ማን ይወርሳታል?

በሚኒባስ መጣ። ሳጥኗን ከመክፈቱ በፊት እጁን ታጠበ። ክፍሎቹን አንድ በአንድ ወደ መስኮቱ ብርሃን እያነሳ አገላበጣቸው። ክንፉ ላይ ከጤፍ ፍሬ የደቀቁ የምስማር ራሶች ተደርድረዋል። አፍንጫዋን በጣቱ ዳሰሳትና «አልሐምዱሊላህ፣ አላበላሿትም» አለ። ከዚያ ሁለት ቁራጭ አንስቶ አሳየኝ። ሁለቱም በሮች ተጨምረዋል፤ ሰፊውም፣ ትንሿም። የፈለገ የፈለገውን እንዲገጥም ነው። ሰይድ ዓይኑን በነጠላው ጠረገ።

ውሰዳት ብለው እምቢ አለኝ። እጁን ዘርግቶ አሳየኝ፤ ጣቶቹ ይንቀጠቀጣሉ። «አንቺ ጥልፍ የጠለፍሽ ሰው ነሽ። እኔ ዓይን ልሁን፣ አንቺ እጅ ሁኚ። አብሽሪ እህቴ» አለኝ።

እንዲህ ነው ጠረጴዛህን ያስገባሁት። ሰይድ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል። ወረንጦህንም ማጉያህንም አገኘኋቸው። መጀመሪያ ላይ ቁራጮቹ ከእጄ እየፈተለኩ ወለሉ ላይ ስንፏቀቅ እንውል ነበር። ቀስ በቀስ ግን እጄ ለመደ። ብርጭቆ ወረቀቱን ይዤ የክንፉን ጠርዝ ሳለሰልስ፣ አንተ ለምን ስጠራህ እንደማትሰማ ያኔ ገባኝ። እኔ ንቀኸኝ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቀን ሰይድ በሌለበት ቸኮልኩ። መስኮቶቿን ሱቅህ ውስጥ በነበረው ፈጣን ማጣበቂያ አጣበቅኳቸው። ሲደርቅ ሁሉም ጉም ለበሱ፤ የአቀስታ ጠዋት መሰሉ። ያን ዕለት እንደ ሞትህ ቀን አለቀስኩ። ይህን ያህል ዓመት የጠበቅካትን ነገር በአንድ ጠዋት ያበላሸሁ መሰለኝና ሁለት ሳምንት ፊቴን አዞርኩባት።

ከዚያ ስልክህን ከፈትኩ። ቡድኑ ውስጥ ስምህን እየጠሩ ነበር፤ «ተፌ ዳኮታዋ ደረሰችህ ወይ? ዝም አልከን» ይላሉ። ማንም አልነገራቸውም። እኔው ጻፍኩላቸው። ባለቤቱ ነኝ፣ ተፈራ ዐርፏል፣ አውሮፕላኗን እኔ ልሠራ ሞክሬ መስኮቶቿን አጨልሜያቸዋለሁ አልኩ። ተፌ፣ የጻፉልኝን ብታይ! የመጀመሪያውን መጽናኛ የላከው ያ «አፍንጫዋን ያበላሹታል» ያለው ሰው ነው። ሲያጽናኑኝ ቆይተው ወደ ዳኮታዋ መስኮቶች ጉዳይ ዞሩ። አንዲት ከሐዋሳ የምትጽፍ ሴት «እማማ፣ አይዞሽ፣ በጥርስ ሳሙናና በለስላሳ ጨርቅ ቀስ ብለሽ እሺው፣ ይጠራል» አለችኝ። ሴት ቡድናችሁ ውስጥ እንዳለች ነግረኸኝ አታውቅም።

አሸሁት። ሦስት ቀን ፈጀብኝ። አንድ በአንድ እየጠሩ መጡ። ከጭራዋ በኩል ያለው አንዱ ብቻ ደብዘዝ እንዳለ ቀረ፤ ተውኩት።

የቀረን በሩ ነበር። ሰይድ «የሟችን ቃል እናክብር፣ ትንሿን ግጠሚ» አለ፤ ግን ፊቱ አልፈታ አለ። እኔም እውነቱን ማወቅ ፈለግኩና ድሮ ሜዳው ላይ ዕቃ ያወርዱ የነበሩትን ጋሽ ይማምን ለመጠየቅ አብረን ሄድን። ዓይናቸው ደክሟል፤ ማስታወሳቸው ግን አልደከመም። ሁለቱንም በሮች መዳፋቸው ላይ አስቀመጥኩላቸውና የትኛው ነበር አልኳቸው። በጣታቸው ዳስሰው ሳቁ። «ምን ያጣላችኋል? አንድ አውሮፕላን ብቻ ነው የመጣው ያለው ማነው? አንዳንዴ ይቺ ትመጣለች፣ አንዳንዴ ያቺ። በሰፊው እህል አውርጃለሁ፣ በጠባቡ ደግሞ ሙሽራ አውርጃለሁ» አሉን።

ሰይድ መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ አለቀሰ። «ያ ሁሉ ክርክር! ሁለታችንም ልክ ነበርን እኮ» እያለ እስከ ሚኒባሱ ድረስ ራሱን ሲነቀንቅ ሄደ።

ትንሿን በር ገጠምኩ፤ እንደተከፈተች ነው የገጠምኳት። አሁን ብርማ ቀለሟን ለብሳ መስኮቱ አጠገብ ቆማለች። ሰይድ እሷን አይቶ ለራሱ ሰፊ በር ያላትን እንድሠራለት ለምኖኛል፤ እሺ ብየዋለሁ።

በዚህ ሳምንት ደግሞ ቡድኑ ውስጥ ምን እንዲወጣ ትመኛላችሁ የሚል ጥያቄ ቀረበ። ሁሉም የየራሱን ጻፈ። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ምኞቴን ጻፍኩ። ከጅዳ ወደ አገሬ የመለሰችኝን ዓይነት ሰፊ የመንገደኛ አውሮፕላን፣ ውስጧ ወንበሮቿ ሳይቀሩ እንዲታዩ አድርገው ቢያወጧት አልኩ። አንተ እነዚያን አውቶቡስ እያልክ ትንቃቸው ነበር። እኔ ግን ከውስጧ ሆኜ የአገሬን ተራራ አይቻለሁ፤ ወርጄም አንተን አግኝቻለሁ። የሐዋሳዋ ልጅ «እኔም እሷን ነው የምጠብቀው» አለችኝ፤ እንግዲህ አብረን እንጠብቃለን።

ደከመኝ ብዬ የማልሠራበት ቀን ይመጣል። ያኔም ቢሆን ግን ተፌ፣ አልረሳህም። የዳኮታዋን ፎቶ ለቡድኑ በላክሁ ጊዜ ብዙ ሰው ማን አስተማረሽ ብሎ ጠየቀኝ። ባሌ ብዬ ማለፍ እችል ነበር። እኔ ግን ስምህን ከነአባትህ ስም፣ ከነአገርህ ጻፍኩት። የጠየቀኝን ሁሉ እንዲሁ እመልስለታለሁ።

ያንተዋ፣
እቴነሽ